የአራዳው ደርብ ቤታችን

ከአራዳ ጊዮርጊስ ቁልቁል ሲወርዱ፣ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ወደ ውስጥ የሚገባ ጠባብ መንገድ አለ። በዚያ መንገድ ላይ ደርብ ያለው የእኛ ቤት ብቻ ነው። ታችኛው ክፍል በጥቁር ድንጋይ የተገነባ ምድር ቤት ሲሆን ግድግዳው ወፍራም በመሆኑ በጋውን ይቀዘቅዛል፣ ክረምቱን ይሞቃል። ላይኛው ክፍል እንጨትና ጭቃ ነው። በሦስት ጎኑ የእንጨት በረንዳ ዞሮታል፤ የጣሪያውን ጠርዝ እንደ ዳንቴል የተፈለፈለ ጣውላ ከቦታል። መንገደኛ ቆም ብሎ ያየዋል፤ ብዙውም ሰው “የአርመን ቤት ነው?” ብሎ ይጠይቃል። አይደለም። የሠሩት የእናቴ አያት ናቸው። በምኒልክ ግቢ ከአናጢዎቹ ጋር የዋሉ ሰው ነበሩ። በዚያን ዘመን ለቤተ መንግሥቱና ለመኳንንቱ የሚሠሩት ህንዶችና አርመኖች ጣውላ ሲፈለፍሉ፣ በረንዳ ሲያዋቅሩ እያዩ የቀሰሙትን ሙያ ለገዛ ቤታቸው አዋሉት።

የቤቱን ዕድሜ ለሚያውቅበት ሰው የሚናገረው እንጨቱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቋሚዎች ጥድ ናቸው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቆረጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመናመነ፤ ንጉሡም ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ከተማዋን በቦታዋ ያቆያት በ1887 ገደማ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ይህን ታሪክ በኛ ግድግዳ ውስጥ በእጅ መዳሰስ ይቻላል። ጥዱ የቅድመ አያቴ ነው፤ ባሕር ዛፉ ከእሳቸው በኋላ የመጣነው ሁሉ በየጊዜው ስንጠግን ያስገባነው። ጥድን ምስጥ አይደፍረውም። ባሕር ዛፍ ግን እግሩ ከረጠበ ብዙ አይቆይም። ቆርቆሮው ደግሞ ባቡሩ በ1909 አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት ከድሬዳዋ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ የመጣ ነው ይሉ ነበር አያቴ፤ ነጋዴው እያንዳንዱን ቆርቆሮ ሲያስረክብ አባታቸው በእጃቸው እያገላበጡ ያዩ እንደነበር ጭምር።

አያቴ የዚያ አናጢ ልጅ ናቸው። በዚያ ቤት ተወልደው፣ በዚያው ተድረው፣ በዚያው ኖሩ። ከነገሩኝ ሁሉ በተደጋጋሚ ያነሱት የየካቲት 12ን ነገር ነው። በ1929 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ግቢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲወረወር እሳቸው ገና ሙሽራ ነበሩ። ጥቁር ሸሚዞቹ ሰፈር ለሰፈር እየዞሩ የሣር ክዳን ቤቶችን ቤንዚን እያርከፈከፉ ሲያቃጥሉ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ልጁን ይዞ እኛ ምድር ቤት ገባ። ሦስት ቀን። ልጆቹ እንዳያለቅሱ አፋቸው ውስጥ ቆሎ ይጨመርላቸው ነበር አሉ። የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሲቃጠል ጭሱ በምድር ቤቷ ጠባብ መስኮት ይገባ ነበር። የእኛ ቤት የተረፈው ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ታቹ ድንጋይ ስለሆነ ነው ብለው ያምኑ ነበር አያቴ፤ ከዚያ ደግሞ ቀጥ ብለው “እግዚአብሔር ባይኖር ድንጋዩ ምን ያደርጋል” ይሉ ነበር። ሁለቱንም ከልባቸው ነበር የሚሉት። በልጅነቴ ወደዚያ ምድር ቤት ድንች ወይም ከሰል እንዳመጣ ስላክ፣ ያን ሁሉ ሰው እዚያ ውስጥ ተደራርቦ ሳስበው መብራት ሳልይዝ መግባት እፈራ ነበር።

እኔ በዓይኔ ያየሁት ታሪክ የሚጀምረው ከሐምሌ 1967 ነው። አሥር ዓመት ሞልቶኛል። ከቤቱ ኋላ በረድፍ የተሠሩ የኪራይ ክፍሎች ነበሩን፤ ጭቃ ቤቶች፣ አንዳንዳቸው አንድ ክፍል ብቻ። ተከራዮቹ ልብስ ሰፊ፣ እንጀራ ጋጋሪ፣ የሆቴል አስተናጋጅ፣ የክፍለ ሀገር ተማሪ ነበሩ። ሐምሌ 19 ቀን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት መሆኑ በሬዲዮ ሲነገር ሁላችንም ሳሎን ነበርን። አያቴ ነጠላቸውን አጣፍተው አዳመጡ። ሲያልቅ ምንም አላሉም፤ ተነሥተው ወደ ጓዳ ገቡና ምጣድ አሰሱ። እናቴ ነበረች ያለቀሰችው። ለመኖሪያ አንድ ቤት ይፈቀድ ስለነበር ደርቡ ለኛ ቀረ። የኋላዎቹ ክፍሎች፣ ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች ስለነበር፣ ለቀበሌ ሆኑ። ተከራዮቹ ከቦታቸው አልተነሡም፤ የወር ኪራያቸውን ወስደው የሚከፍሉበት ቦታ ብቻ ተለወጠ።

ስለዚህ አዋጅ ብዙ ተጽፏል፣ ብዙም ተከራክረንበታል። ቤት ያጣውም ቤት ያገኘውም የየራሱ እውነት አለው። እኔ መናገር የምፈልገው ግን ሰው እምብዛም ልብ ስለማይለው አንድ ነገር ነው። ከ1967 በፊት የደርቡ ምርጊትና ቀለም የሚሸፈነው ከኋላ ክፍሎች በሚገኘው ኪራይ ነበር። በየዓመቱ ከጥምቀት በኋላ ጭቃ መራጊዎች ይጠሩ ነበር፤ አሸንዳው ይጠረጋል፣ የላላው ቆርቆሮ ምስማር ይጨመርበታል፣ የበረንዳው ጣውላ ዘይት ይቀባል። ኪራዩ ሲቋረጥ ይህ ሥራ ሁሉ አብሮ ቆመ። የቀበሌውም ኪራይ ለዓመታት ሳይነካ እዚያው በመቆየቱ ክፍሎቹን የሚያድስ ገንዘብ አላመጣም። ጭቃ ቤት በእርጅና አይወድቅም። ባለቤቱ በየዓመቱ ከዳሰሰው መቶ ዓመትም ይቆማል፤ ሦስት ክረምት ከተረሳ ግን መፍረስ ይጀምራል። የአራዳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ዶዘር ከመምጣቱ ከረጅም ጊዜ በፊት የሞቱት በዚህ መንገድ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አንዲት ጎረቤታችን መናገር አለብኝ። እኛ ልጆቹ ስማቸውን ሳንጠራ “እትዬ” ብቻ ነበር የምንላቸው። ከኋላ ክፍሎች በመጨረሻዋ የሚኖሩ፣ እንጀራ ጋግረው ለሆቴል የሚያስረክቡ ሴት ነበሩ። ሰላሌ ነው ያደጉት። ከአዋጁ በኋላ አያቴና እሳቸው ለረጅም ጊዜ ሰላምታ እንኳ በቅጡ አይለዋወጡም ነበር፤ አያቴ ኪራይ የሚሰበስቡበት በር ላይ አሁን የቀበሌ ቁጥር ተለጥፎበታል። ቂሙ በሰው ላይ ያነጣጠረ አልነበረም ብል እውነት ይሆናል፤ ግን ያረፈው በሰው ላይ ነበር። አንድ ክረምት፣ በ1971 ይመስለኛል፣ የደርቡ ሰሜን ግድግዳ ሌሊት የዝናብ ውሃ ገባበትና ምርጊቱ ከነማገሩ ተነቅሎ ወደቀ። እናቴ መስኮቱ ሥር ቆማ በውሃ የራሰ ምንጣፍ ስትጎትት፣ እትዬ ማንም ሳይጠራቸው ወጡ። ቀሚሳቸውን ከፍ አድርገው ታጥቀው በባዶ እግራቸው ጭቃው ውስጥ ቆሙ። “ከጤፍ ጭድ ሌላ እንዳታስገቡ፤ የስንዴው ወፍራም ነው፣ አይዝም” አሉ። ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር ጥቂት ጥቂት እያሉ ጉድጓዱን ደፈኑት። አያቴ ከዚያ በኋላ ቡና ሲፈላ ልጅ ልከው “እትዬን ጥሪያቸው” ማለት ጀመሩ። ስለ አዋጁ ግን፣ እስከማውቀው ድረስ፣ ሁለቱ አንድም ቀን አላወሩም።

አጎቴ የሲሚንቶውን ነገር ያመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሥራ አግኝቶ ገንዘብ ሲይዝ የመጀመሪያ ሐሳቡ ቤቱን ማሳመር ነበር። ያኔ ሲሚንቶ የመሻሻል ምልክት ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ የቻለውን ያህል ጭቃውን በሲሚንቶ ይለስን ነበር። የወንፊት ሽቦ በምስማር ተመታ፣ ልስኑ ተሠራ፣ ክሬም ቀለም ተቀባ። ለጥቂት ዓመታት ቤቱ አዲስ መሰለ። ጭቃ ግን እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ይተነፍሰዋል። ሲሚንቶ አይተነፍስም። እንጨትና ጭቃው ሲሞቅና ሲበርድ እየተንቀሳቀሰ ልስኑ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ይፈጥራል፤ በዚያ ስንጥቅ የገባው ውሃ መውጫ ያጣል። ውስጥ ለውስጥ ወደ ቋሚዎቹ እግር ይወርዳል። ከውጭ ሲታይ ግድግዳው ደህና ነው፤ ከውስጥ ግን ባሕር ዛፉ እየበሰበሰ ነበር።

ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ አያቴ ከጥቂት ጊዜ በፊት አርፈው ስለነበር፣ ቤቱ የብዙ ወራሾች ሆነ። ገሚሱ ቨርጂኒያ፣ ገሚሱ እዚሁ። “ይሸጥና እንካፈል” የሚል ነበር፤ “ይፍረስና ሕንፃ ይሠራበት” የሚልም ነበር። አሜሪካ ያለችው አክስቴ ግን በስልክ ሁልጊዜ የምትጠይቀው ስለ መስኮቶቹ ነበር፤ “ሰማያዊ ናቸው አይደል?” ትላለች። እሷ ስትሄድ ሰማያዊ ነበሩ። አጎቴ ቡናማ ካስቀባቸው ቆይቷል። በመጨረሻ ክርክሩን ያለዘበው ፍቅርም ሕግም አልነበረም፤ ወራሾቹ በዋጋው መስማማት አለመቻላቸው ነው። እናቴ ደርቡ ላይ መኖሯን ቀጠለች፤ እኔም ትዳር ከያዝኩ በኋላ ተመልሼ አብሬያት ገባሁ።

በእነዚያ ዓመታት የሕንፃ ኮሌጅ ተማሪዎች መጡ። የከተማዋን አሮጌ ቤቶች እየለኩ ይስሉ ነበር። ከማለዳ እስከ ማታ ሜትር ዘርግተው፣ ወለል ላይ ተንበርክከው፣ ደረጃ ሥር ገብተው ለኩ። እናቴ ምሳ ካልበላችሁ አትሄዱም አለቻቸው። ከመካከላቸው አንዷ ልጅ ሥዕሉን ጨርሳ ስታሳየን፣ የቤቱ አንድም ክፍል ማዕዘኑ ትክክል እንዳልሆነ አየን፤ ሳሎኑ በአንድ በኩል ሰፋ ይላል። ተማሪዋ ግን ስሕተት አላለችውም። ከቀኝ በኩል የነበረው ትልቅ የጥድ ምሰሶ ጠማማ ስለነበር ቅድመ አያቴ እንጨቱን ከመቁረጥ ይልቅ ክፍሉን እንዳስፋፉለት አስረዳችን። ከዚያ በፊት ያን ምሰሶ በየቀኑ እደገፈው ነበር፤ ምን እንዳደረጉ ግን አላየሁም። የሰውዬውን እጅ ያሳየችኝ እሷ ናት።

ጥር 3 ቀን 2007 እሑድ ነበር። ከበረንዳችን ላይ በፒያሳ በኩል ጥቁር ጭስ አየን። ወርጄ ስሄድ እየተቃጠለ ያለው ጣይቱ ሆቴል ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1898 ያሠሩት፣ የሀገሪቱ የመጀመሪያ ሆቴል። ሰው መንገዱን ሞልቶ ቆሟል፤ ትልልቅ ሰዎች ያለቅሱ ነበር። ሙዚቃ የምንሰማበት ጃዛምባ ነደደ። ዋናው ሕንፃ ከጉዳት ጋር ተርፎ በኋላ ታደሰ፤ ያን ዕለት ግን ይተርፋል ያለ ማንም አልነበረም። ጣውላ እንዴት እንደሚነድ፣ በምን ፍጥነት ከአንዱ ወለል ወደ ሌላው እንደሚሻገር ቆሜ አየሁ። ቤት ስመለስ ኮርኒሱን አየሁ። ኮርኒሳችን አቡጀዲ ነው፤ በቀለም የተወጠረ ጨርቅ፤ ከላዩ ደግሞ በጨርቅ የተጠቀለለ የድሮ የመብራት ሽቦ ያልፍ ነበር። ሳምንቱ ሳያልቅ ኤሌክትሪሺያን ጠራን። ሽቦውን ሲመዝ ልባሱ እጁ ላይ ዱቄት ሆነ። ያ እሳት ባይነሣ ያን ሽቦ ማንም አያየውም ነበር።

ኮርኒሱ አንዴ ከተነሣ ሌላው ሁሉ ተከተለ። በጣሪያው ሥር ያለው ግድግዳ በጋዜጣ ላይ ጋዜጣ ተለጥፎበት ነበር፤ ሁሉም በዱቄት ሙጫ። ከላይ ያለው አዲስ ዘመን ነው። ከሥሩ ጣሊያንኛ። ከዚያ ሥር፣ በጣም ቢጫ ሆኖ፣ ብርሃንና ሰላም። ሥራውን ትተን ስናነብ አመሸን፤ እናቴ መነጽሬን አምጡልኝ ብላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስለ ሙክት ዋጋ የተጻፈ አንድ ማስታወቂያ ደግማ ደጋግማ አነበበችልን። ልናነሣው የቻልነውን አነሣን፤ የቀረውን እዚያው ተውነውና በላዩ ኮርኒስ መለስንበት።

ሲሚንቶውን የማንሣት ሥራ የተጀመረው በሚቀጥለው በጋ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ወረቀት መጨረስ ነበረብን። በ1992 የወጣው የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 209፣ በቅርስነት የተመዘገበ ነገር ያለ ፈቃድ እንዳይነካ ይከለክል ነበር፤ ፈቃድ ስንጠይቅ ብዙ ቢሮ ተመላለስን፤ በመጨረሻ ከሁሉም የጠቀመን የተማሪዎቹ ሥዕል ሆነ። ከዚያ በኋላ መዶሻ አነሣን። ልስኑ በትልልቅ ቅርፊት ወረደ። ከሥሩ የታየው ያሳዝናል። የባሕር ዛፍ ቋሚዎቹ ከእግራቸው እስከ ጉልበት ያህል ሻግተው በጣት ይፈረካከሳሉ። ጥዶቹ ግን አንዳንዶቹ ብቻ ነበሩ የተነኩት። አናጢው፣ ረጋ ያሉ አዛውንት ናቸው፣ የበሰበሰውን ቆርጠው ጤነኛውን እንጨት በአዲስ እግር እያገጣጠሙ፣ ሥሩ እርጥበት እንዳያገኘው በድንጋይ ላይ አቆሙት። ጣሪያው በባላ ተደግፎ ነበር የሚሠራው፤ ያን ሰሞን ሌሊት እንቅልፍ አልነበረኝም።

ጭቃውን የያዙት እትዬ ናቸው። ሰባ ዓመታቸውን አልፈዋል፣ ወገባቸው ጎብጧል፣ ግን ወንበር አስወጥተው ግቢው መካከል ተቀመጡና ያዘዙትን ሁሉ አደረግን። ለግቢያችን የቀረበው ዋልካ አፈር ነበር። “ይህ ለማሰሮ እንኳ አይሆንም፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል” ብለው መለሱት። ቀይ አፈር መጣ። ጉድጓድ ተቆፍሮ አፈሩ ገባ፣ ውሃ ተጨመረ፣ የጤፍ ጭድ ተነሰነሰ፣ ልጆቹ በእግራቸው ረገጡት። ከዚያ ማንም እንዳይነካው ብለው አስከደኑት። ቀኑ ሲሄድ ሽታው ጎረቤትን አስለቀቀ፤ እሳቸው ግን በእጃቸው ቆንጥረው በጣቶቻቸው መካከል እያሹ “ገና ነው” ይላሉ። ጭዱ እስኪልም፣ ጭቃው እስኪያጣብቅ መቡካት አለበት። በመጨረሻ “አሁን” ሲሉ ድፍኑ ተጀመረ። ጭቃው ተወርውሮ ማገሩ ውስጥ ይገባል እንጂ አይለጠፍም። ያ ደርቆ ሲሰነጣጠቅ ሁለተኛው ቀጭን ምርጊት፣ ከዚያ እበት የተቀላቀለበት ልስን፣ በመጨረሻ ኖራ። ኖራው ጭቃውን ሳያፍነው ከዝናብ ይከላከላል። ሲያልቅ እትዬ ተነሥተው ግድግዳውን በመዳፋቸው ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት። አንድ ቦታ ላይ ቆሙና “ይኼን ድገሙት” አሉ። ደገምነው።

የቤተሰባችን ሰዎች ስለ ቤቱ ሲያወሩ ያቆየነው እኛ ነን ይላሉ። እኔ ይህን ስሰማ ዝም አልልም። ቅድመ አያቴ ሠሩት፣ አያቴ ተከላከሉለት፣ ያቆዩት ግን ካርታው ላይ ስማቸው የሌለ፣ ለቀበሌ ኪራይ የሚከፍሉ እንጀራ ጋጋሪ ጭምር ናቸው። ውሃው የገባ ሌሊት እሳቸው ባይወጡ ሰሜኑ ግድግዳ ዛሬ የለም። የጭቃውን ነገር በቤታችን ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እትዬ ካረፉ ቆዩ። ልጃቸው በዚያችው ክፍል ትኖራለች፤ ምርጊት ሲሠራ አፈሩን የምትመርጠው አሁን እሷ ናት።

በ2016 መጋቢት የፒያሳና የዶሮ ማነቂያ ቤቶች ሲፈርሱ ብዙ ቀን እየሄድኩ አየሁ። ዕቃ የሚጭኑ ሰዎች፣ ሬዲዮ የታቀፉ ሽማግሌዎች፣ በር ነቅለው በትከሻ የሚሸከሙ ወጣቶች። ከውስጣቸው ዕድሜያቸው ከኛ ቤት ጋር የሚቀራረብ፣ በረንዳቸው እንደኛ የተፈለፈለ ቤቶች ነበሩ። ከተማ እንደሚያድግ፣ መንገድና ፍሳሽ እንደሚያስፈልገው አውቃለሁ፤ በብዙዎቹ ቤቶች ውስጥ የነበረው ኑሮ ለሰው የሚመኙት አልነበረም። የራስ ብሩ ቤት ግን ሙዚየም ሆኖ የከተማዋን ታሪክ ይዟል፤ ያም በአንድ ወቅት አሮጌ ቤት ነበር። ጥቂት ተጨማሪ ቤቶች እንዲህ ቢተርፉ ኖሮ ሰፈሩ ራሱን ያውቅ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ይህን በየስብሰባው ተናግሬያለሁ፣ ዛሬም እናገራለሁ። ከፍርስራሹ መካከል እንጨት የሚሸጡ ልጆች ነበሩ። ለማገዶ ነበር የሚሸጡት። ረጃጅም የጥድ ቋሚዎች፣ መጥረቢያ እንኳ የሚያንሸራትቱ፣ ሽታቸው ገና ያልጠፋ። የቻልኩትን ያህል ገዝቼ በጋሪ አስጫንኩ። በአጎቴ ዘመን የገቡት ባሕር ዛፎች እየወጡ፣ በምትካቸው የዶሮ ማነቂያ ጥድ እየገባ ነው።

ዘንድሮ ተራው የምሥራቁ ግድግዳ ነው። አናጢው አርጅተው መሰላል መውጣት ስላቆሙ የልጅ ልጃቸውን ልከዋል፤ ልጁ እጁ ጥሩ ነው፣ ግን ምስማር ያበዛል፤ አያቱ በስልክ ይቆጡታል። ቨርጂኒያ ያሉት ወራሾች የሁለት መስመር አሸንዳ ዋጋ ልከዋል። አክስቴ የላከችው ገንዘብ ለመስኮት ብቻ እንዲሆን ጽፋለች፤ ቡናማው ቀለም ሲፋቅ ከሥሩ ሰማያዊው ወጣ፣ ከሰማያዊው ሥር ደግሞ አረንጓዴ። እናቴ አረንጓዴው ይሁን ትላለች፤ አባታቸው የቀቡት እሱን ነው ብለው አያቴ ይነግሯት ስለነበር። አክስቴ ገና አልተስማማችም። ቀለሙ ከፋሲካ በኋላ ይሁን ብለን ምርጊቱን ጀምረናል፤ ሰኔ ከመግባቱ በፊት ኖራው መድረቅ አለበት።